የ15 ቀን ዕቃ በ90 ቀን ሲመዘን

የሱቁ ባለቤት የጠየቀኝ ነገር ቀላል ይመስል ነበር። «መደርደሪያው ሞልቷል፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው። የማይሄዱትን ዕቃዎች ለይና አውጣልኝ» አለኝ። የቤት ዕቃ የምንሸጥበት ሱቅ ነው። ሳሙና፣ አምፖል፣ ባትሪ፣ መጥረጊያ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ እስክሪብቶ፣ ምን የሌለ አለ። በሲስተሙ የተመዘገበው ኮድ ወደ 900 ይጠጋል። እኔም ኤክሴል ትንሽ እችላለሁና በሁለት ቀን የምጨርሰው መሰለኝ። አራት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የ90 ቀን ሽያጭ ከካሸር ማሽኑ አወጣሁ። ፋይሉን ስከፍት ነገሩ ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ሳሙና በሦስት ኮድ ተመዝግቧል፤ አሮጌው ማሸጊያ፣ አዲሱ ማሸጊያ፣ ደግሞ «ሁለት ሲገዙ» ተብሎ የታሰረው። ለየብቻ ሲታዩ ሦስቱም ደካሞች ናቸው። አንድ ላይ ሲደመሩ ከሱቁ ዋና ሻጮች አንዱ ሆኑ።

የእስክሪብቶው ነገር ደግሞ አሳቀኝ። በሪፖርቱ መሠረት ሰው ሁሉ ሰማያዊ ብቻ ነው የሚጽፈው። ቀይና ጥቁር አይሸጡም ማለት ይቻላል። ግን መደርደሪያው ላይ ጥቁሩ እያለቀ ነው። ካሸር ጋ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ደንበኛ አምስት እስክሪብቶ ቀላቅሎ ሲያመጣ፣ አንዷን ሰማያዊ ታነሳና አምስት ጊዜ ባርኮዷን ታስነብባለች። ዋጋው አንድ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማን ይፈርድባታል? እኔ ግን በዚያ ቁጥር ጥቁሩን ላስወጣው ነበር።

ይህን ካጸዳሁ በኋላ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ዕቃዎቹን በሽያጭ ገቢያቸው ከላይ ወደ ታች ደረደርኩ። ከላይ ጀምሮ እየደመርኩ የጠቅላላ ገቢውን እስከ 80 በመቶ የሚሞሉትን ሀ፣ እስከ 95 ያሉትን ለ፣ የቀሩትን ሐ አልኳቸው። በእንግሊዝኛው ፊደል «ኤቢሲ» የሚባለው ዘዴ ነው፤ በ1951 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው የነበረው ኤች. ፎርድ ዲኪ ስለ ዕቃ ክምችት ከጻፈ በኋላ ነው የታወቀው። ሥሩ ግን ጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ ጋ ይደርሳል። እሱ የሚያጠናው የሀብት ክፍፍልን ነበር እንጂ የሳሙና መደርደሪያን አልነበረም። ለዚህም ይሆናል «20 በመቶው 80 በመቶውን ያመጣል» የሚባለው ነገር የእኛ ሱቅ ላይ ልክ ያልመጣው። እኛ ጋ 80 በመቶውን ገቢ የሚያመጡት ዕቃዎች 27 በመቶ ሆኑ።

ሐ ውስጥ የገቡትን አትሜ «እነዚህ ይውጡ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

ወረቀቱን ቀድማ ያየችው ካሸሯ ናት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈችና «አንተ ልጅ፣ ይሄን አምፖል ነው የምታስወጣው? በቀን ሦስት ሰው እኮ ነው የሚጠይቀኝ» አለችኝ።

አንገቱ ቀጭን የሆነው አምፖል ነው። ሪፖርቱ በ90 ቀን 12 ተሸጠ ይላል። «ማዘር፣ ቁጥሩ እኮ እዚህ አለ» አልኳት።

«ቁጥሩን ተወው። መች ኖሮን ያውቃል?»

የገቢና ወጪ መዝገቡን ከፈትኩ። አምፖሉ አንድ ጊዜ ገብቷል፣ 12 ፍሬ። በ15 ቀን ውስጥ አልቋል። የቀሩትን 75 ቀናት ሱቁ ውስጥ አልነበረም። እኔ ደግሞ 12ን ለ90 አካፍዬ ሞቷል ብዬ ፈረድኩበት። ለ15 ሲካፈል በቀን 0.8 ነው። በዚያ ፍጥነት ለ90 ቀን ቢኖር 72 ይሆናል። እርግጥ 72ን እንዳለ አልተቀበልኩትም። ብዙ ጊዜ የጠፋ ዕቃ ሲገባ የጠበቁት ሰዎች ተሻምተው ይገዙታልና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያታልላሉ። 30 አዘን እንየው አልን። እስካሁን እያዘዝነው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «መደርደሪያ ላይ የነበረበት ቀን»። ሽያጩን የማካፍለው ለእሱ ነው። በዚህ ብቻ ከሐ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ዕቃ ወደ ላይ ወጣ። አዲስ የገቡትም አብረው ተረፉ፤ ከገባ ሦስት ሳምንት የሆነውን ዕቃ ከሦስት ወሩ ጋር ማወዳደር ድሮም ግፍ ነበር።

ዓምዱን መሙላት ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ምክንያቱም ሲስተሙ ይዋሻል። «6 አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ሲገባ በስህተት ተቆጥሯል። ይሄ ከዕቃ ማለቅ የባሰ ነው። ያለቀ ዕቃ ዜሮ ያሳያልና ይታዘዛል። ይሄኛው ግን «አለ» ስለሚል ማንም አያዝዘውም። ስለዚህ ሌላ ወንፊት ሠራሁ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይሸጥ የነበረ ዕቃ በድንገት ለአንድ ሳምንት ዜሮ ከሆነና ሲስተሙ ደግሞ አለ ካለ፣ ተነስቼ በእግሬ ሄጄ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን 14 ዕቃ ለማየት ወረድኩ። አራቱ ጨርሶ የሉም። ሁለቱ መጋዘን ውስጥ፣ ከመጥረጊያው ካርቶን ጀርባ፣ ሳይከፈቱ ተቀምጠዋል። በስልኬ መብራት ነው ያገኘኋቸው። አንደኛው ካርቶን ላይ «ቶሎ የሚሄድ» ተብሎ በማርከር ተጽፎበታል።

እኛ ብቻ ነን ብዬ አፍሬ ነበር። በ2002 የወጣ፣ ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሪፖርት፣ በችርቻሮ ሱቆች ዕቃ መደርደሪያ ላይ የማይገኝበትን መጠን በአማካይ 8.3 በመቶ ያደርገዋል። አብዛኛውም ጥፋት የሱቁ እንጂ የአከፋፋዩ አይደለም ይላል። ትንሽ ተጽናናሁ።

ቀጥሎ ወደ ትርፍ ሄድኩ። እዚህ ከባለቤቱ ጋር ተከራከርን። እሱ የሚወደው በአንዱ ፍሬ ላይ ብዙ የሚያተርፈውን ዕቃ ነው። ወረቀት ላይ ሠራሁለት። አንዱ ዕቃ ከመሸጫ ዋጋው 40 በመቶ ያተርፋል፣ በዓመት የሚዞረው፣ ማለትም ተሸጦ አልቆ በአዲስ የሚተካው፣ ግን አንድ ጊዜ ነው። ሌላው የሚያተርፈው 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ነገር ግን በዓመት 12 ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ዕቃ ላይ የታሰረ 100 በዓመት 67 ገደማ ያተርፋል። በሁለተኛው የታሰረ 100 ደግሞ 133 ገደማ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ሂሳብ ማሽኑን አውጥቶ ራሱ ሠራው። አልተከፋሁም፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት።

የመዋዠቅ ጉዳይም አለ፣ ባጭሩ ልበለው። ሁለት ዕቃዎች በዓመት 120፣ 120 ሸጡ። አንዱ በየወሩ 10፣ 10። ሌላው 11 ወር ዜሮ፣ ከዚያ በአንድ ቀን 120፤ አንድ ድርጅት መጥቶ ጠራርጎ ወስዶት ነው። ድምራቸው እኩል ነው። ሁለተኛውን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ምን ይሠራል? በትዕዛዝ ይምጣ።

ይህን ሁሉ አልፈው አሁንም ሐ ውስጥ የቀሩ ዕቃዎች ነበሩ። ከነሱ መሃል የመጋረጃ ቀለበት ይገኛል። ይሄኛው በቂ ቀን መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ሽያጩም በእውነት ትንሽ ነው። ላወጣው ስል ደረሰኞቹን በቁጥራቸው ፈልጌ አየሁ። ቀለበት ያለባቸው 19 ደረሰኞች ናቸው። በ16ቱ ላይ የመጋረጃ ዘንግም አለ። ዘንግ ደግሞ ከሀ ምድብ ነው፣ ጥሩ ያተርፋል። ዘንግ የሚገዛ ሰው ቀለበቱን ካጣ ሁለቱንም የሚያገኝበት ሱቅ ይሄዳል። ቀለበቱ ቀረ።

ማውጣቱን የጀመርነው በመጨረሻ ከተመሳሳዮቹ ነው። ዕቃው ደካማ መሆኑ ብቻ አልበቃኝም። ቢጠፋ ደንበኛው በእሱ ፋንታ የሚያነሳው ሌላ ከጎኑ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ስድስት ዓይነት ጥቁር እስክሪብቶ ነበረን፣ ሁለት አደረግነው። የጥቁር እስክሪብቶ ጠቅላላ ሽያጭ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱ ደስ አለው፤ ስለ ጃሙ ጥናት የሆነ ቦታ ሰምቶ ኖሮ እሱን እየጠቀሰ ይቁረጥ ይቁረጥ ይል ጀመር። በ2000 የታተመ ታዋቂ ጥናት ነው። 24 ዓይነት ጃም የቀረበላቸው ቀማሾች የገዙት 3 በመቶዎቹ ነበሩ፣ 6 የቀረበላቸው ግን 30 በመቶ። በኋላ ብዙ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ውጤቱ ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ይሄን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ።

እኔም ብሆን ተሳስቻለሁ። የዱቄት ሳሙና አምስት መጠን ነበረው። ገቢው ትንሽ ነው ብዬ ትንሿን ፓኬት አስወጣሁ፣ ሰው መካከለኛውን ይገዛል በሚል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የዱቄት ሳሙና ጠቅላላ ሽያጭ ወረደ። ትንሿን የሚገዙት ሰዎች መካከለኛውን አላነሱም። ትተውን ሄዱ። መልሰን አስገባናት፤ ሽያጩ ወደ ቦታው ለመመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀበት። አሁን ምንም ነገር ሳስወጣ የምከታተለው የምድቡን ድምር ነው፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምድብ በላይም አልነካም።

አራት ወር ሲሞላ ከ900ው ውስጥ 140 ያህል ኮድ ወጥቷል። የመጀመሪያው ወረቀቴ ከ400 በላይ ነበር የሚለው። ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ከካሸሯ ጎን አሁን አንድ ደብተር ተቀምጧል። ሐሳቡ የእሷ ነው። ደንበኛ ጠይቆ «የለም» በተባለ ቁጥር የዕቃውን ስም ትጽፍና አጠገቡ አንድ ጭረት ታሰምራለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ወስጄ ከኤክሴሌ ጋር አስተያያለሁ። ብዙውን እዚያም አገኘዋለሁ፣ ያለቀ ወይ የተደበቀ ዕቃ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን «የጠርሙስ ብሩሽ» የሚል አየሁ፣ አጠገቡ ሰባት ጭረት። ፋይሉ ውስጥ ፈለግኩት። ኮድ የለውም። ሸጠን አናውቅም።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት፣ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠችልኝ። እዚያም አምስት ጭረት አለ።