ኢንሹራንሱን ልጠይቅ ወይስ ከኪሴ ላሠራት?

ሞተር ሳይክል አስፋልት ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ከጆሮ ቶሎ አይወጣም። እኔ ገና ከመሬት ሳልነሳ በጭንቅላቴ የመጣው ነገር ስለ አጥንቴ አልነበረም። «ስንት ያስወጣኝ ይሆን?» ነበር።

ኩርባው ላይ ጠጠር ተበትኗል። ፍጥነቴ ያን ያህል አልነበረም። የፊት ጎማው ከሥሬ ሸሸ፣ ሞተሯ በግራ ጎኗ ተኛች፣ ተንሸራታ ሄዳ የመንገዱን ጠርዝ በፊት ጎማዋ ገጭታ ቆመች። ሌላ መኪና የለም፣ ሌላ ሰው የለም። ጓንትና ጃኬት ስለለበስኩ የደረሰብኝ ትከሻዬ ላይ የበለዘ ቦታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት እዚያው ሠራሁት። ሰው ሳያየኝ ብዬ ሞተሯን ተሽቀዳድሜ አነሳኋት። ለወደቀ ሰው ከሕመሙ እፍረቱ ይብሳል መሰለኝ። ፎቶ ያነሳሁት ካቆምኳት በኋላ ነው። ጠጠሩን፣ አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጭረት፣ የገጨችውን ጠርዝ አላነሳሁም። የዚህን ዋጋ ቆይቼ አየሁት።

በዓይን የሚታየው ጉዳት ብዙ አልነበረም። የግራ ስፖኪዮ ተሰብሯል። ፍሬቻው ተንጠልጥሏል። የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ተቆርጧል። የጎን ፕላስቲኩ ተልጧል፣ ማርሚታው ተጭሯል፣ የማርሽ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቀስ ብዬ ነድቼያት ገባሁ። መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ የዞረ መስሎኝ ነበር። «ደንግጬ ነው» ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስገመትኳት። የገንዘቡን መጠን ከመጥራት ይልቅ በንጽጽር ልንገራችሁ። ሞተሯ ከመውደቋ በፊት ብትሸጥ የምታወጣው 100 ነው እንበል። ጋራዡ የሰጠኝ ግምት 14 ነበር። የኢንሹራንስ ውሌ ሙሉ ሽፋን ነው፣ ማለትም ብቻዬን ብወድቅም የራሴን ንብረት ይከፍላል። የሦስተኛ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር፤ ያ ሌላው ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት እንጂ ለራሳችሁ ሞተር አይከፍልም። በእኔ ውል ተቀናሹ፣ ማለትም በየአደጋው መጀመሪያ ከኪሴ የምሸፍነው ድርሻ፣ 10 ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱ የሚሰጠኝ 4 ብቻ ይሆናል።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። «4ም ቢሆን ገንዘብ ነው» ይላል። እኔም ልል ነበር። ግን ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። (ስፈርም አላነበብኩትም። እናንተም አላነበባችሁትም።) ካሳ ሳልጠይቅ በቆየሁባቸው ዓመታት ምክንያት ከዓመታዊው አረቦን፣ ማለትም በየዓመቱ ለኢንሹራንሱ ከምከፍለው ገንዘብ ላይ፣ 25 ፐርሰንት ይቀነስልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ካሳ ከጠየቅሁ ቅናሹ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት 10፣ በሦስተኛው 20፣ በአራተኛው እንደገና 25 ፐርሰንት ይሆናል። ሙሉው አረቦን 8 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት 2 አጣለሁ፣ በሁለተኛው 1.2፣ በሦስተኛው 0.4። ሲደመር 3.6። 4 ለመቀበል 3.6 መክፈል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፎርም መሙላት፣ መመላለስ፣ መጠበቅ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም፣ ማታ ተኝቼ ነው የመጣልኝ። የጋራዡ 14 ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ማድረግን ይጨምራል። ፕላስቲኩ ይቀየራል፣ ማርሚታው ይቀየራል። ከኪሴ ብከፍል ግን እኔ ማርሚታ አልቀይርም! ተጭሮ ምን ይሆናል? ድምፁ ያው ነው። በራሴ ገንዘብ የማሠራው ስፖኪዮውን፣ ፍሬቻውን፣ እጀታውንና ፔዳሉን ብቻ ነው። ያ ደግሞ በአጠቃላይ 3 ገደማ ነበር። ስለዚህ ማወዳደር የነበረብኝ 14ን ከ10 ጋር ሳይሆን እኔ በእውነት የማወጣውን 3 ከተቀናሹና ከማጣው ቅናሽ ድምር ጋር ነበር። 3 ወይስ 13.6? እዚህ ላይ ጥያቄው አለቀ። ለኢንሹራንሱ ምንም ሳልናገር ዕቃዎቹን ገዝቼ በአራተኛው ቀን አስቀየርኳቸው።

ሒሳቡ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ግምቱ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የግራው የፊት ሾክ ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት አየሁ። ጠረግኩት። ማታ ተመልሶ መጣ። መሪዋም አሁን ያለ ጥርጥር ዞሯል፤ ቀጥ ብዬ ስነዳ የግራ እጄ ወደ እኔ ቀርቦ ነው የሚሄደው። ገላዬ ለምዶት ነው እንጂ ሞተሯ አልዳነችም ነበር። ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው።

«ጋሼ፣ ዘይት ታፈሳለች» አልኳቸው።

ሾኩን አላዩትም። ከፊቷ ቁጢጥ ብለው ጎማዋንና መሪዋን አስተያዩ። «ልጄ፣ ገጭታለች ወይስ ተኝታ ነው?» አሉኝ።

«ተንሸራታ ነው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠርዝ ነክታለች።»

«ትንሽ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ያደረጉትን ልብ ብዬ አየሁ፤ ማንም የወደቀ ሞተር ያለው ሰው ሊያየው ይገባል። መጀመሪያ ሾኮቹን አቅፈው የያዙትን ማሰሪያዎች ቡሎኖች አላልተው ጎማዋን በጉልበታቸው መካከል ይዘው መሪዋን መለሱት። አንዳንድ ጊዜ ሾኮቹ ማሰሪያቸው ውስጥ ተጣምመው ብቻ ስለሚቀሩ በዚህ ይስተካከላል፣ ወጪውም የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የእኔ አልተስተካከለም። ፈተው አወጧቸው። የውስጡን ቧንቧ አጽድተው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለሉት። ቀጥ ያለ ቧንቧ እንደ እርሳስ ይንከባለላል። የእኔ የግራው እንደ አንካሳ ነው የሄደው። በሥሩ ብርሃን ይገባል ይወጣል። የተጣመመው ቧንቧ ነው ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ እየበላ ዘይት ያስወጣው።

አላቆሙም። የፊት ቸርኬውን አሽከረከሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ይወዛወዛል። የመሪውን አንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞሩት፤ መሐል ላይ ቀጭ የሚል ነገር አለ፣ ኩሽኔታው ተመቷል ማለት ነው። ከዚያ ባትሪ መብራት ይዘው የሻንሲውን፣ ማለትም የሞተሯን ዋና የብረት አካል፣ አንገት ብየዳው ያለበትን ቦታ መረመሩ። እዚያ ጋ ቀለም ተሰነጣጥቆ ወይም ተልጦ ቢገኝ ብረቱ ታጥፏል ማለት ሊሆን ይችላል። መሪው ዞሮ የሚያርፍበትን ማቆሚያም አዩ፤ ተጨፍልቆ ከሆነ መሪው ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ትንፋሼን መለስኩ። ሻንሲ ከታጠፈ ወሬው ስለ ጥገና መሆኑ ይቀራል።

አዲሱ ግምት 41 መጣ። ቀድሜ የቀየርኳቸውን 3ም ይጨምራል።

አሁን ኢንሹራንሱን መጠየቅ ግድ ሆነ። ግን አደጋው ከደረሰ አሥራ ሁለት ቀን አልፎታል። ውሉ «ወዲያውኑ» ማሳወቅ አለብህ ይላል። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን እስካሁን አላሳወቁንም?» የሚል ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ጉዳቱ ትንሽ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ይህ ወጣ አልኩ። ሁለቱንም ግምት፣ የሁለቱንም ቀን አሳየሁ። ነገሩን ለማሳመር ቀኑን ማዛባት፣ ወይም «ትናንት ነው የወደቅኩት» ማለት ይቻል ነበር። የሐሰት መግለጫ ግን ካሳውን ብቻ ሳይሆን ውሉንም ሊያስቀር ይችላል። ደግሞ ውሸት ሲመረመር የሚያሳፍረው ነገር ከመውደቅ ይብሳል።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ አንድ አለመሆናቸው ነው። «ወድቄያለሁ፣ ጉዳቱን እያስመረመርኩ ነው፣ ካሳ ልጠይቅም ላልጠይቅም እችላለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ይቻላል። በእኔ ውል ይህ ብቻውን ቅናሹን አይነካም። ሁሉም ውል እንዲህ ላይሆን ስለሚችል ግን ከማሳወቃችሁ በፊት ያንን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሌላ ሰው ያለበት አደጋ ሲሆን ደግሞ ምርጫም የለም። መንገድ ዳር ተጨባብጦ «ተወው፣ እኔ አሳክምሃለሁ» ተባብሎ መለያየት ዛሬ ይቀላል። ከወር በኋላ ያ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሲመጣ ኢንሹራንሱ «አልሰማሁም» ካለ ሁሉም ነገር እናንተ ጫንቃ ላይ ነው።

የጉዳት ገምጋሚው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ዓይኑ ምንም አያልፈውም። ስፖኪዮውን፣ ፍሬቻውን፣ እጀታውንና ፔዳሉን አየ። አዲስ ናቸው።

«አሮጌዎቹ የት አሉ?»

«ጣልኳቸው።»

ምንም አላለም። ጻፈ ብቻ። 3ቱ እዚያ ላይ ቀረ፤ ሳይታይ የተቀየረ ዕቃ አይከፈልም። ስብርባሪውን በአንድ ከረጢት አድርጌ ጥግ ላይ ባስቀምጥ ኖሮ ቢያንስ የምከራከርበት ነገር ነበረኝ። ቀጥሎ «ጠርዙን የገጨችበት ፎቶ አለ?» አለ። የለም። ቸርኬው በዚህ አደጋ እንጂ ቀደም ብሎ በጉድጓድ እንዳልተመታ በምን አሳውቅ? መካኒኩ ናቸው ያዳኑኝ። ቸርኬው የተመታበት ቦታ ላይ ጎማው ላይ ያለውን ትኩስ ልጠት አሳዩት። ተቀበለ።

ከዕቃዎቹ ላይ ደግሞ 5 ለእርጅና ተቀነሰ። ይህ መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። ሲያስረዳኝ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ለዓመታት የተነዳን ዕቃ በአዲስ ሲተኩልኝ ከአደጋው በፊት ከነበረኝ የበለጠ ይዤ እወጣለሁ፣ ውሉ የሚመልሰኝ ወደ ነበርኩበት እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም። አልወደድኩትም። ውሉ ላይ ግን አለ።

ሲጠቃለል ከ41 ላይ 3 ወጣ፣ 5 ወጣ፣ ተቀናሹ 10 ወጣ። 23 ከፈሉኝ። እኔ 18 ሸፈንኩ፤ ከሚቀጥሉት ዓመታት የማጣውን 3.6 ስጨምርበት 21.6። ከ41 ጋር ሲወዳደር አዋጥቷል። ከመጀመሪያው ቀን ባሳውቅና ዕቃ ባልነካ ግን ወጪዬ በ3 ይቀንስ ነበር።

ከአንድ ነገር በዕድል አምልጫለሁ፤ በዕድል ስለሆነ ልናገረው። በዚያ ዓመት ውሉን ሳሳድስ አረቦኑ እንዲቀልልኝ የሞተሯን ዋጋ 80 ብዬ ላስመዘግብ ነበር። ሰነፍኩና በነበረበት 100 ቀረ። 80 ብዬ ቢሆን ኖሮ ውሉ ለንብረቱ ሙሉ ዋጋ እንዳልተገባ ተቆጥሮ ካሳውም በዚያው ልክ 80 ፐርሰንት ብቻ ይሆን ነበር። ለትንሿ ጉዳት እንኳ። ገምጋሚው ነው ይህን ፖሊሲው ላይ በጣቱ ያሳየኝ።

የውል እድሳቱ ቀን ሲደርስ ቅናሹ ዜሮ ሆኖ መጣ። እንደማውቀው ነው፣ ግን ወረቀት ላይ ሲታይ ያማል። ከፈልኩ።

ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ቆማ ሳለች መደገፊያዋ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሰምጦ በግራ ጎኗ ወደቀች። ሮጬ ላነሳት ስል ቆምኩ። ሰዎች እያዩኝ፣ እንደተኛች ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳኋት። አፈሩንም አነሳሁ። ከዚያ ነው ያነሳኋት። በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ጽፌ አሳወቅኩ፣ ካሳ አልጠየቅሁም። ጋሼ ጋ ወስጄ መሪዋን፣ ሾኮቹን፣ ቸርኬዎቹን አሳየኋቸው። ቆማ ስለወደቀች ከፍሪሲዮን እጀታው በቀር የተነካ ነገር አላገኙም። ለማንኛውም ሁለት ሳምንት ጠብቄ፣ በየጠዋቱ ሾኮቹን በነጭ ጨርቅ እየጠረግኩ አየሁ። ደረቅ ናቸው። እጀታውን በገንዘቤ ቀየርኩ። የተሰበረው በከረጢት ሆኖ ጓዳ አለ። በግራ በኩል ያለውን አዲስ ጭረት አልነካሁትም።