ከቅዳሴ በኋላ ግፊት መለካት

ነርሷ ከቅዳሴ በኋላ የምእመናንን የደም ግፊት የምትለካበት ቦታ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሁን። ግቢ መሀል ጠረጴዛ ከተዘረጋ የሰውን የግፊት ቁጥር ከባለቤቱ ቀድሞ ጎረቤቱ ይሰማዋል።

ምእመኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆሞ አስቀድሶ ነው የሚመጣው፤ ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ አይታመንም። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት ይርገጥ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የተጠቀለለ የሹራብ እጅጌ ክንድ ያንቃል፤ ቢወልቅ ይሻላል። ወፍራም ክንድ ላይ የታሰረ ጠባብ የመለኪያ መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ወሬም እንዲሁ ስለሚያሳስት ሰላምታው (የኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው) አስቀድሞ ይለቅ። በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለካ። 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይደገማል እንጂ በአንድ እሑድ «ግፊት አለብዎት» አይባልም። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከሰነፈማ ቁጥርም አይጠበቅም።

የሚከብደው ጾሙ ነው። ኪኒኑን በጾም የተወ ሰው ለነርሷ «እየወሰድኩ ነው» ይላል፤ እውነቱን የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው። ስለዚህ «የታመመ መድኃኒቱን ይውሰድ» የሚለው ቃል ከካህኑ አፍ ሲወጣ ከእኛ ከጤና ባለሙያዎቹ ምክር ይልቅ ይሰማል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አይጣሉም ብለው በአደባባይ መናገራቸው ለዚህ ነው የጠቀመው። የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ግን የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጠውን የግፊት ኪኒን ወደ ማታ ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ያዘዘው ሐኪም ይጠየቅ።

ስኳር ላይ እንዲህ ቀላል አይደለም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ውጦ ወይም ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል። የደም ስኳሩ ከ70 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርሱት ዲያቆናቱ ስለሆኑ ምልክቱን እነሱም ይወቁት።

መዝገቡን ካህኑ አያዩትም፤ ነርሷም በንስሐ የተባለውን አትጠይቅም። ታካሚው ከፈቀደ ሦስቱም አብረው ይቀመጣሉ።

ለጤና ጣቢያው በሚላከው ወረቀት ላይ ሁለቱም ልኬቶች፣ ቀኑ፣ የተለካው ክንድና የሚወሰደው መድኃኒት ስም ይጻፍ። «ግፊቱ ከፍ ብሏል» ብቻ የተባለበት ወረቀት ሐኪሙን ምንም አይረዳውም።