ስኑኪም እናት ሆነች
ዛሬ ልጄ አተኩሷት ከስራ ቀርቼ፣ ደረቴ ላይ አስተኝቻት በአንድ እጄ ስልኬን ስነካካ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው፣ ስኑኪ! ጀርዚ ሾር የሚባለው የአሜሪካ ሪያሊቲ ሾው ላይ የምናውቃት 😂 በፈረንጆቹ 2009 ኤምቲቪ ላይ ስትጀምር እኔ በዲቪ ከገባሁ ገና ወራቴ ነበር፣ ጠጥታ ስትንገዳገድ እያየሁ «ኧረ የዚች ልጅ እናት ምን ትል ይሆን» እያልኩ ስፈርድባት አመሽ ነበር፣ ደግሞ አንድም ክፍል አያመልጠኝም።

አሁን የሶስት ልጆች እናት ናት። የመጀመሪያውን በ2012 ወለደች፣ ሶስተኛውን በ2019 ወልዳ በዛው አመት መጨረሻ ከልጆቼ መለየት ከበደኝ ብላ ሾውን ተወችው፣ ኋላ ደግሞ ተመለሰች። ሁለቱም ገባኝ። እኔም ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ አልቅሼ፣ ፊቴን በህፃን ዋይፕስ ጠርጌ ነው የገባሁት።

የሷ የሃያዎቹ እድሜ ግን ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብሏል፣ ልጆቿ በፈለጉ ሰአት ያዩታል። የኔን የሚያውቁት እግዜርና ሁለት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው፣ ተመስገን (እናንተ ሁለታችሁ ኮመንት ላይ እንዳትመጡ)።

ይሄን እየፃፍኩ እመቤቲቱ ሲሮፑን ሸሚዜ ላይ መለሰችው። ትኩሳቷ ግን በረድ ብሏል።