ፖል ባራንን ሳስብ የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ረፋድ ላይ ውጭ አገር ከምትኖረው እህቴ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ምስሉ እየተቆራረጠ መልሶ ሲጠራ፣ ኢንተርኔት መልእክት ለሚያስተላልፍበት ዘዴ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑትን ኢንጂነር ፖል ባራንን አስታወስኩና ቀኑን ሙሉ እሳቸውን ሳስብ ዋልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ያኔ የፖላንድ፣ ዛሬ የቤላሩስ በሆነችው ግሮድኖ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱት ባራን፣ ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ። አባታቸው ፊላደልፊያ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸውም ዕቃ ለደንበኞች በማድረስ ያግዛቸው ነበር (ይህ የልጅነት ሥራቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል)።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራንድ ኮርፖሬሽን በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሲሠሩ፣ የኑክሌር ጥቃት የስልክ ማዕከሎችን ቢያወድም ግንኙነት እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል አሰላሰሉ። መልሳቸው መልእክቱን በትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ማዕከል በሌለው መረብ ውስጥ ክፍት ያገኘውን መንገድ ተከትሎ እንዲሄድና መድረሻው ላይ ከሌሎቹ ጋር እንዲገጣጠም ማድረግ ነበር። የዘመኑ ታላቅ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ሆኖም በ1969 ሥራ የጀመረው የኢንተርኔት ቀዳሚ የኮምፒውተር መረብ አርፓኔት በዚሁ መርህ ላይ ተመሠረተ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ትሕትናቸው ነው። በ2011 በ84 ዓመታቸው ያረፉት እኚህ ሰው፣ የቴክኖሎጂን እድገት በብዙ መቶ ዓመታት ከሚታነጽ ካቴድራል ጋር እያመሳሰሉ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቀደሙት ድንጋዮች በላይ የራሱን እንደሚያኖር ይናገሩ ነበር። ማታ እህቴ መልሳ ስትደውል ይህን ሁሉ አጫወትኳት።