«አብሽሩ» ያልኩባቸው ዘጠኝ ቀናት

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የጥገና ክፍል ወጣቶች ጋሪ እየገፉ ወደ እኔ መስመር መጡ። ከሠላሳ ሁለቱ የስፌት ማሽኖች ሰባቱን ነቅለው ሊወስዱ ነበር። የመጀመሪያው ማሽን ከወለሉ ሲነሳ የቀሩት አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። የጮኸ የለም፤ እኔን የጠየቀኝም የለም። ሠራተኞቹ መቀሳቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተው ወደ ሒሳብ ክፍል መስኮት ሄዱና ተሰለፉ። የሠሩበትን ተቀብለው ሊሄዱ ነው።

ጊዜው ግንቦት 2015 ነው። ከደሴ በየማለዳው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረድኩ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የአልባሳት ፋብሪካ በመስመር ኃላፊነት እሠራ ነበር። ማሽኖቹ የሚዛወሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ አጠገብ ወዳለው ሼድ ነው። ለመስከረም የሚደርስ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትዕዛዝ ተገኝቶ ነበር። የሚሰናበት ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ካወቅሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል።

ሥራ አስኪያጁ «ውሉ ሳይፈረም የደንበኛውን ስም እንዳታነሣ» ብለውኝ ነበር። የከለከሉኝ ስሙን ብቻ ነው። እኔ ግን ሁሉንም ዋጥኩት። ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ሰውን ማስጨነቅ ነው ብዬ በቅንነት አምን ነበር። በእነዚያ ቀናት ጥገናዎች እየመጡ ማሽን ሲለኩ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ሲያደርጉ ሠራተኞቹ ያዩ ነበር። «ጋሼ፣ ምንድን ነው?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «አብሽሩ፣ ምንም የለም።»

እዚህ ላይ ኮምቦልቻ ያለ ሰው የሚነቀል ማሽን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መናገር አለብኝ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል። ኅዳር 27 ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላ ወደ ሥራችን ስንመጣ የጠበቀን ባዶ ወለልና የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። ገና ከዚያ ሳናገግም ታኅሣሥ 23 ቀን ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል፣ ተሰረዘች። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ቀረጥ ተጫነበት፤ የእኛም ገዥ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር አዞረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር የሆስፒታል ልብስ፣ በሚቀጥለው የሥራ ቱታ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነበር የምንሰፋው። ሞዴል በተለወጠ ቁጥር እጅ እስኪለምድ ምርቱ ይወርዳል፤ ምርቱ ሲወርድ የማበረታቻ ክፍያው ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ለውጥን የሚያውቁት ከኪሳቸው ነው። እኔ ደግሞ በጠመኔ ምልክቱ ፊት ቆሜ ምንም የለም እላቸው ነበር።

ወደ ሰልፉ ሄድኩ። ከፊት የቆሙት በመስመራችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የኪስ ሰፊ ናቸው። «እትዬ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አብሽር የሚባለው ለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ። «የሞተውን ሳትነግረን አብሽሩ አልከን። እኛም ሞቱ የራሳችን ነው ብለን መጣን።»

ቀጥለው የነገሩኝ ደግሞ እስካሁን ያመኛል። የኮሌታ ሰፊያችን፣ የወረባቦዋ ልጅ፣ ቅዳሜ ዕለት ፍራሿንና ምድጃዋን ሸጣ፣ የተከራየችውን ክፍል ቁልፍ ለአከራይዋ መልሳ ወደ አገሯ ሄዳለች። ከሰኞ ጀምሮ አለመምጣቷን አይቼ ቤተሰብ ጥየቃ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ኮሌታ ከባድ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ካልተካከሉ ሸሚዙ በሙሉ ጠማማ ይመስላል። እሷ ሳትለካ በዓይኗ ታስተካክለው ነበር።

ቅነሳ ቢመጣ እንኳ እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲቀነስ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በሥራ ለመቆየት ቅድሚያ የሚሰጠውም የተሻለ ሙያና ምርታማነት ላለው ነው። አዋጁ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለማንም አንብቤው አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና «አሁን እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ንገራቸው» አሉ፤ በቃ። እዚያው ሰልፉ ፊት ቆሜ ማሽኖቹ የት እንደሚሄዱ፣ ለምን እንደሚሄዱ፣ ከነማን ጋር እንደሚሄዱ ተናገርኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አውቅ እንደነበርም ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ከምሳ በኋላ ማሽኖቹ ሠሩ፤ የኮሌታው ወንበር ግን ባዶ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ሳይጀመር ክር መደርደሪያው አጠገብ አምስት ደቂቃ መቆም ልማዳችን ሆነ። ጥቁር ሰሌዳ አቆምኩና በሦስት ከፈልኩት፦ የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ መልሱ የሚነገርበት ቀን። እኔ ከሁሉ የማከብረው ሦስተኛውን ነው። ሰው አለማወቅን ይችላል፤ የማይችለው እስከ መቼ እንደሆነ ሳያውቅ መጠበቅን ነው። ቀኑ ደርሶ መልሱ ባይገኝ እንኳ በዚያ ቀን ቆሜ «አልተገኘም፤ እስከ ሐሙስ» እላለሁ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ኃላፊ አላውቅም ካለ ይናቃል ብለው ተከራክረውኛል። እኔ የተናቅሁት አውቄ ዝም ባልኩ ጊዜ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው ክርና ዚፕ ዋጋው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ በእጃችን ያለው ክር ለሁለት ሳምንት እንደሚበቃ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በማናውቀው ረድፍ ነበር። በዚያ ወር ሁለት ሠራተኞች ሥራ ለቀቁ። ነገር ግን አስቀድመው ነገሩኝ፤ ከመሄዳቸው በፊትም ሳምንት ሙሉ ከተተኪዎቻቸው ጎን ተቀምጠው እጃቸውን አስለመዱልኝ።

የኮሌታዋን ልጅ ስልክ በዚያ ረቡዕ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ ዝግ ነበር። ያገኘኋት ከወራት በኋላ በዘመዷ በኩል ነው። እዚያው ወረባቦ፣ ቢስቲማ ከተማ ላይ በገበያ ቀን በእግር ማሽን ልብስ ትጠግናለች። የሆነውን ሁሉ አስረዳኋትና ትመለሺ እንደሆነ ቦታሽ አለ አልኳት። ጥቂት ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ያኔ ቢነግሩኝ ፍራሼን አልሸጥም ነበር» አለችኝ።