አውቶቡሱ እንዳይለቅመኝ

ጥቅምት 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ አልሮጥኩም። ፕሮግራሙ ላይ "ዕረፍት" ይላል። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ርቀት ይቀነሳል፤ እግር የከረመበትን ድካም እንዲያወጣ። ማረፍ ግን እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? ሳልሮጥ የማያመኝ ነገር የለም። ጠዋት ጉልበቴን፣ ማታ ቁርጭምጭሚቴን። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ከጠቆረ ሰነበተ፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ።

ማራቶን ልሮጥ ነው ስላት እማዬ ከደብረ ብርሃን በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ "ምን አሳደደሽ?"

እውነቷን ነው። 44 ዓመቴ ነው። ሌሊቱን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ስል የማድር ሰው ነኝ። ተማሪ እያለሁም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዷን ከሚያማት ወገን ነበርኩ። አሜሪካ ስመጣ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለት ሯጭ ነኝ ማለት ሆነ። ከምንከባከባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር "አሸነፍሽ?" ይሉኛል። ልምምድ ነው ብላቸውም ደስ አይላቸውም።

የኔ ጭንቀት አውቶቡሱ ነው። የምሮጠው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚካሄደውን ማሪን ኮር ማራቶን ነው። 20ኛው ማይል አካባቢ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር ድልድይ አለ። እዚያ በሰዓቱ ያልደረሰ ይለቀምና በአውቶቡስ ወደ መጨረሻው ይወሰዳል። ላለመለቀም አንዱን ማይል በ14 ደቂቃ መጨረስ ያስፈልጋል። እኔ በደህና ቀን 13 እሮጣለሁ። ክፉ ቀኑን እዚህ አልጽፈውም።

ከባዱ ነሐሴ ነበር። የዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ፍልሰታም ገባ። ሌሊት ሠርቼ፣ ጫማዬን ቀይሬ፣ ውኃ ሳልቀምስ ልሮጥ? ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ጾሙ ሥጋን ለማድከም ነው፤ አንቺማ ቀድመሽ ጨርሰሻታል" አሉኝ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው ራስሽን እንዳትጥዪ፣ ከበላሽ በኋላ አድርጊው አሉ። ሁለቱን ሳምንት ማታ ማታ ሮጥኩ፤ በሽሮ ኃይል።

የድሮ ባቡር ሐዲድ ተነስቶ አስፋልት የሆነ መንገድ አለ፣ ከአርሊንግተን ወደ ምዕራብ 45 ማይል የሚሄድ። ረጅሙን ልምምዴን የምሠራው እዚያ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ 32 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። የመጨረሻው ትልቁ ነው። እስከ 27 ድረስ እንደውም እያንጎራጎርኩ ነበር። ከዚያ ሙልጭ አልኩ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ እንደዚህ ነው፤ እግርሽ አለ፣ የሚያዘው ጠፍቷል። ነጮቹ ጄል የሚባል ዝልግልግ ጣፋጭ ይመጥጣሉ። እኔ በኩራት የበሶ ጭብጦ ይዤ ነበር። ስሮጥ በሶ መብላት! ጉሮሮዬ ላይ ተለጥፎ ልታነቅ። አንዲት የማላውቃት ሴት ብስክሌቷን አቁማ ውኃ ሰጠችኝ። አሁን በሶውን በማር በጥብጬ በትንሽ ጠርሙስ ነው የምይዘው። ይሠራል። ጄሉን ግን ሞክሬዋለሁ፣ ሙጫ ነው።

የመጨረሻዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች እየተራመድኩም እየሮጥኩም ጨረስኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አሳዛኝ ነገር አልነበረም።

ሰሞኑን ስለ አበበ ቢቂላ አስባለሁ። ለ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሎምፒክ 40 ቀን ሳይሞላ ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ፣ ሄዶ በ2:12:11 አሸነፈ። ጨርሶም ሳሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የሥራ ባልደረባዬ ይህን የምትነግረኝ ለማበርታት ነው። አያበረታም። እሱ አበበ ነው፤ እኔን ጥፍሬ አሞኛል።

ዛሬ ማታ እማዬ ደወለች። ቀኑን ጠየቀችኝ፤ እሑድ ነው አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"ከቅዳሴ በኋላ ነው አይደል?"

"አዎ እማዬ" አልኳት።