ጾሙ የሸፈነልን ችግር

ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ሆቴል የጽዳት ክፍል እንሠራ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ቢሮዎቹንም ሆቴሎቹንም ሲያዘጋ፣ ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሥራ ቀረን። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን በወር 1,750 ዶላር እንከፍል ነበር፤ ባንክ ያለን ግን አንድ ወር እንኳ በቅጡ አያሻግርም።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑን የእግዚአብሔር ቸርነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ልጆቻችን ከሽሮና ከምስር ሌላ ነገር ከማዕዱ ማጣታቸው አላስገረማቸውም፤ ጾም ነዋ! ጤፉን በሩዝ ዱቄት እያበዛሁ ስጋግር እንጀራው ምጣዱ ላይ እየተሰነጠቀ ያስቸግረኝ ስለነበር፣ የተሰነጠቀውን ለእኔና ለአባታቸው ፍርፍር አደርግና ደህና ደህናውን ለእነርሱ አቀርብላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ስለነበር የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ሳሎናችን ውስጥ ስልኩን ግድግዳ አስደግፈን፣ የካህናቱን ድምፅ እየተከተልን ሰገድን። ባለቤቴ "ኪርያላይሶን" ሲል ድምፁ እንባ ሲተናነቀው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከኪራዩም ይልቅ የከበደኝ፣ በየወሩ ገንዘብ ለምልክላት ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ እውነቱን መንገር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኳን ሸሽቼ በመጨረሻ ስነግራት፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ማጀቴ ሽሮ አለ፤ ይልቅ ስልክ አትሽሺኝ" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራች ሳትመርቅ ስልኩን ዘግታ አታውቅም።

የዕቁባችን ዳኛ ጉዳዩን የሰሙት ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ዕጣ ያልወጣላቸውን አባላት አንድ በአንድ ደውለው ካስፈቀዱ በኋላ የወሩን 6,000 ዶላር ያለ ዕጣ ሰጡን፤ የሚቀርብንንም መዋጮ ሥራ ስንጀምር እንድንከፍል ወሰኑ። ከፈቀዱት መካከል ራሳቸው ሥራ የፈቱ ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ኪራዩን ከፈልን፤ ለእናቴም ልልክ ስል "ከቤት ኪራይ ላይ አልበላም" ብላ እንቢ አለች።

ለሚያዝያ 11ዱ ፋሲካ አንዲት ዶሮ ገዛን። ቅዳሜ ሹር ከሰዓት፣ በእርሷ አገር መሽቶ፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በስልኩ መስኮት ድስቴን ታይልኝ ነበር። "ገና ነው፤ ሽንኩርቱ ውኃውን አልጨረሰም፤ በርበሬውን እንዳትጨምሪ" አለችኝ። ሽንኩርቱ እስኪበስል ሳትተኛ ቆየችልኝ።